“ብርድ ነው” ያልነው የመገጣጠሚያ በሽታ

ታላቅ እህቴ እታለም ሐይቅ ከተማ ዳር ትኖራለች። ለሱብሒ ስትነሳ የመጀመሪያ ሥራዋ ጣቶቿን መፍታት ነው። ሌሊቱን ተኮማትረው ያደሩትን ጣቶች አንድ በአንድ በሌላው እጇ ታሻለች፤ ያኛውም እጅ ከዚህኛው አይሻልም። ውዱእ ስታደርግ የውሃውን ጆግ በአንድ እጅ ማንሳት ስለማትችል በሁለት መዳፏ አቅፋ ታዘነብለዋለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የልጇን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። 3 ሰዓት ሲሆን ሽንኩርት ትከትፋለች። 5 ሰዓት ላይ ያገኛት ጎረቤት ጤነኛ ናት ብሎ ይምላል። ጠዋት የሚያያት ጎረቤት የለም፤ በሩ ገና አልተከፈተም።

ስለዚህ በሽታ ለማስረዳት ከሰዓት መነሳት ይሻለኛል። በዕድሜ ወይም በሥራ ብዛት የደከመ ጉልበት ሲረግጡበት ውለው ማታ ያምማል፣ አረፍ ሲሉ ይቀልለዋል። ይኼኛው ተገላቢጦሽ ነው። ያረፉበት ሌሊት ያስረዋል፣ መንቀሳቀስ ይፈታዋል። ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ እጅና እግሩ እስኪፍታታ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሰዓት ከፈጀበት፣ ዕድሜ ወይም ድካም ብቻ ብሎ ማለፍ አይገባም። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚነድ ነገር ሊኖር ይችላል።

የሕክምና ስሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። “የመገጣጠሚያ ብግነት” የሚለው አማርኛ በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ይገኛል እንጂ በሰው አፍ ብዙም የለም። በእኛ አካባቢ ሰው የሚለው ቁርጥማት ነው፣ ወይም ሪህ፣ ወይም ባጭሩ “ብርድ ነው”። እኔ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁርጥማት የሕመም ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው ወባም፣ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም ሊሆን እንደሚችለው ሁሉ፣ ቁርጥማት የምንለውም ከበስተጀርባው ፍጹም የማይገናኙ በሽታዎች አሉ።

እውነተኛው ሪህ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛና መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ሲጋገር የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ወንዶችን፣ በድንገት፣ ሌሊት፣ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። የልጆቹ ደግሞ ሌላ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው እየዞረ ካበጠ፣ ያ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት ቆላ ከእንስሳት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም በመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል። ስሙ አንድ ስለሆነ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መርፌ ይወጋል፣ አንድ ዓይነት ክኒን ይውጣል።

በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሆነው ይህ ነው። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብስ ስስ ሽፋን አለ። ከተሕዋስያን ሊጠብቀን የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ይቆጥረውና ያቃጥለዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሃ ይቋጥራል። ብግነቱን የሚያቀጣጥሉት ንጥረ ነገሮች ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ስለሚበዙ ጠዋቱ የሚከብደው በዚህ ነው። ዝም ከተባለ ያበጠው ሽፋን አጠገቡ ያለውን ለስላሳ አጥንትና ዋናውን አጥንት እየበላ ይሄዳል። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእጅና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው፤ ቀኙን ሲይዝ ግራውንም ይይዛል። መገጣጠሚያ ላይ ብቻም አይቆምም። ደም ያሳንሳል፣ ዓይንና ሳንባ ይነካል፣ የልብ ሕመም አደጋንም ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ብዙ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይሻላቸዋል፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ይብስባቸዋል። በዚህ ወቅት በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገለጥባቸውም አሉ። እህቴን የጀመራት ሁለተኛ ልጇን ወልዳ አራተኛ ወሯ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ ወቅት ከድሮ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ አራስ ብርድ መታት። ሳትጠነክር ወጣች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነካች፣ እግሯን ሳትሸፍን ተቀመጠች። ይህ መልስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሕክምናውን ያዘገያል፤ ጥፋቱንም በታመመችው ላይ ያሳርፋል። እታለም ለረጅም ጊዜ በሽታውን በገዛ እጇ ያመጣችው ይመስላት ነበር።

ስለ ብርድ አንድ ነገር ልበል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ጤነኛውም ሰው አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል። ብዙ ሕሙማን በብርድ ቀን ሕመሙ እንደሚብስባቸው ይናገራሉ፤ አምናቸዋለሁ። ነገር ግን ብርድ ሕመሙን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያመጣውም። ብርድ ቢያመጣው ኖሮ በዓለም ሞቃት አገሮች በሽታው ባልኖረ። ባቲና ከሚሴ ቆላ ወርዶ መኖር መድኃኒት የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ሙቀቱ ጡንቻቸውን ያላላላቸዋል፤ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ቃጠሎ ግን አብሯቸው ይወርዳል። የፍል ውሃውም ነገር እንደዚያው ነው። ያሳርፋል፣ ደስ ይላል፣ አጥንቱ መበላቱን ግን አያቆምም።

እኛ ቤት ሁለቱም እምነት አለ፤ ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም። እናታችን ጠበል ወሰደቻት። የባሏ ቤተሰቦች ወዳጃ ተቀመጡላት፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ወርዶ፣ ሁሉም “አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ” ብሎ ተነሳ። ይህ አልጎዳትም። እንዲያውም በዚያ ዓመት ሰው እንዳልተዋት የተሰማት በእነዚያ ቀናት ነበር። የጎዳት ሌላው ነው። ወጌሻ መጥቶ ያበጠውን የእጇን አንጓ ሳበው፣ አሸው። ወጌሻ ለወለቀ ክንድ ስንት ጊዜ ደርሶልናል፤ በብግነት ያበጠ መገጣጠሚያ ግን ሲሳብና ሲታሽ ይብስበታል እንጂ አይገባም። ቀጥሎ ዋግምት ሆነ። ዋግምት ለሌላ በሽታ ምን እንደሚሠራ አልከራከርም፤ ምላጩ የብዙ ሰው ደም የነካ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ መርፌው መጣ። አንድ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ወጋት፤ በማግስቱ ተነስታ እንጀራ ጋገረች። ቤቱ በሙሉ ዳነች አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ተመልሳም ሄደች። እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የሚባሉት መድኃኒቶች ሕመምና እብጠትን ያስታግሳሉ፣ የአጥንቱን መበላት ግን አያቆሙም። ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል ሲወሰዱ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። ሕመሙ ታከመ፤ በሽታው ሥራውን ቀጠለ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ እህቴ ላይም የሆነው፣ በየሰፈሩ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጊዜ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት አለ። ትክክለኛው መድኃኒት በሽታው በጀመረ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ከተጀመረ፣ ብዙ ሰው እጁ ሳይጣመም ሥራውን እየሠራ መኖር ይችላል። ያ ወቅት ካለፈ መድኃኒቱ ቃጠሎውን ያጠፋል፣ የተጣመመውን ግን አያቃናም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለወጌሻና ለመርፌ የምንሰጣቸው ወራት መሆናቸው ያንገበግበኛል።

ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ላይ ያለች ነርስ ሦስት ነገር ብትጠይቅና ብትነካ ይበቃታል፤ ያበጡ መገጣጠሚያዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ናቸው ወይ? የጠዋቱ መተሳሰር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል ወይ? አራቱ ጣቶች ከመዳፉ በሚገናኙበት ላይ እጁን ከጎንና ከጎን ጨመቅ ሲያደርጉት ያምማል ወይ? ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። ሦስተኛውን እኛ ሳናውቀው በየቀኑ እናደርገዋለን። ጨበጥ አድርጎ ሰላም ማለት የሚወድ ሰው አገር ላይ ነን። እህቴ በሽታዋ ከመታወቁ በፊት በነበረው ዓመት ለሰላምታ እጇን ሳይሆን ክንዷን ትሰጥ ነበር። ኮራች አሉ።

የደም ምርመራው ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይፈርድም። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ በሽታው እያለ ከ5 ሕሙማን በ1 ገደማ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በሽታው በሌለበት ደግሞ በሌላ ኢንፌክሽን ወይም በዕድሜ ምክንያት ሊታይ ይችላል። “ደምሽ ነፃ ነው” ተብላ የተመለሰች ሴት እጇ እያበጠ ከሆነ ነፃ አይደለችም። እጇን ያየ ሐኪም ያስፈልጋታል።

እጅ ከተጣመመ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ በወሎ ለየት ባለ ሁኔታ እናውቀዋለን። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የታከሙበት ቦታ ነው። የአካባቢው ሽማግሌ የተጣመመ ጣት ሲያይ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። እህቴ በሄደችበት አንድ ለቅሶ ቤት ከእሷ አጠገብ የነበረች ሴት ሳህኗን አንስታ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳለች። ሁለቱን ለመለየት አንድ ነገር ይረዳል፤ የሥጋ ደዌ ያደነዝዛል፣ ይኼኛው ያምማል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በሳህንም በእጅም በትንፋሽም። የሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ ሰዎቹን ያሸሸንበት መንገድ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያሳፍር ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ስሕተት ሕይወት የሚያጠፋበት ቦታ ነውና። የበሽታው ዋና መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያካተተው፣ ከአዳዲሶቹ ውድ መርፌዎች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነ ክኒን ነው። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ እንዲውል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ 10 ሚሊግራም ካዘዘ፣ ባለ 2.5 ሚሊግራሙ ክኒን አራት ፍሬ በአንድ ቀን ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንቱ ድረስ የለም። እኛ ክኒን ሲባል የለመድነው በየቀኑ መዋጥ ነው። ይህን መድኃኒት በየቀኑ የወሰደ ሰው የአጥንቱ መቅኒ ደም ማምረት ያቆማል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሊሞት ይችላል። በተለያዩ አገሮች በዚሁ ስሕተት ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ቀኑን መምረጥና አለመቀየር ያስፈልጋል። በገጠር ሳምንት የሚቆጠረው በገበያ ነው፤ የባቲ ሰው ሰኞን እንደማይረሳው ሁሉም የገበያ ቀኑን አይረሳም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የመድኃኒቱ ቀን የገበያ ቀን ይሁን። ፋርማሲስቱም በካርቶኑ ላይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቀኑን ስም በአማርኛ ይጻፍበት። ማንበብ የማይችል ሰው ቤት ከሆነ ለልጁ ይነገረው።

ሜቶትሬክሴት ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። አንድ መርፌ በማግስቱ ሲያስነሳት ላየች ሴት ይህ ረጅም ነው። ብዙዎች “አልሠራልኝም” ብለው የሚያቆሙት ልክ ሊሠራ ሲል ነው። ሌላው የማቆሚያ ምክንያት ወሬ ነው፤ “ይህ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው”። እውነት ነው፣ በጣም በከፍተኛ መጠን ለካንሰር ይሰጣል። በዚህ በትንሹ መጠን ግን ሥራው የተቆጣውን የሰውነት መከላከያ ማብረድ ነው። አብሮ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ እናቶች ከእርግዝና ክትትል የሚያውቁት ክኒን ነው፤ የአፍ ቁስሉንና የጨጓራውን ችግር ይቀንሳል። ጉበትና የደም ሴሎችን ለማየት መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ሳምንቱ፣ በኋላ በየሦስት ወሩ ገደማ ደም መመርመር ግዴታ ነው። ጠላና አረቄ ጉበት ላይ ከዚህ መድኃኒት ጋር ስለሚተባበሩ መራቅ ይሻላል። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ የሳምንቱን ክኒን ሳይወስዱ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ባሎችም ይህን ማወቅ አለባቸው። ሜቶትሬክሴት የምትወስድ ሴት ማርገዝ የለባትም፤ ጽንሱን ይጎዳል፣ ያስወርዳል። ልጅ ከፈለጉ ቀደም ብለው ለሐኪሙ ነግረው መድኃኒቱ ይቀየርላቸዋል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ጊዜም የሚወሰድ ነው፤ በቆላ ለወባ የምናውቀው የክሎሮኪን ዘመድ ነው፣ ዓይንን በየጊዜው ማስመርመር ግን ይፈልጋል። ልጅ እስኪወለድ ድረስ በሽታ የለም ብሎ መተው፣ ወይም መድኃኒት አለ ብሎ ልጅ አይታሰብም ማለት፣ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ጾም የሚያስጨንቃቸው ብዙ ናቸው። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ክኒን ለረመዷን አይከብድም፤ ካፈጠሩ በኋላ ይወሰዳል። የዐቢይ ጾም ጾመኛም ከቅዳሴ በኋላ ሲፈታ መውሰድ ይችላል። የሚከብደው በየቀኑ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰደው፣ ብግነቱን ቶሎ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ነው። እሱን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪም ነግሮ ማስተካከል እንጂ በራስ ሥልጣን መዝለል አደገኛ ነው።

ስለ ፕሬድኒሶሎን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የፕሬድኒሶሎንን ዘመድ ኮርቲዞንን በዚህ በሽታ ለታመመች ሴት ሲሰጥ በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ከዚያ ጉዳቱ እየታየ መጣ። የእኛም ታሪክ ይኸው ነው፣ በየቤቱ የተደገመ። እታለም ፕሬድኒሶሎን ስትጀምር ሕመሙ ቀጥ አለ። ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ ክብ ሆነ፤ ሰው ሁሉ “አማረብሽ፣ ተመቸሽ” አላት። መድኃኒቱ ፊቷን እያሳበጠው ነበር። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት ያዘዘላትን እሷ በዚያው ወረቀት ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ከዓመት በላይ ወሰደችው።

ይህ መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሜቶትሬክሴት ሥራ እስኪጀምር ድረስ ድልድይ ነው። ለዓመታት ሲወሰድ ስኳር ያመጣል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ይጥላል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ቲቢ በበዛበት አገር የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ሆኖም በአንድ ቀን ማቆም ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ሰውነት ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚረሳ፣ ድንገት ሲቋረጥ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው። በተለያዩ አገሮች የመገጣጠሚያ ሕመም ያድናሉ ተብለው የሚሸጡ ስም የለሽ ዱቄቶችና ክኒኖች ሲመረመሩ ይኸው ዓይነት መድኃኒት ተደብቆባቸው ተገኝቷል። “በአንድ ቀን ያስነሳል” የተባለን ነገር መጠርጠር የሚያሻው በዚህ ነው።

የዕለት ኑሮው ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሙያ ነው። እኛ ዘንድ የሴት ክብር በሙያዋ ይለካል፤ እንጀራዋ ዓይን ሲያወጣ፣ ቡናዋ ሲጣፍጥ፣ እንግዳ ድንገት ሲመጣ ማዕዱ ሲቀርብ። ይህ ሁሉ የጣት ሥራ ነው። ሊጥ ማቡካት፣ አክንባሎ ማንሳት፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ መጭመቅ። እህቴ አንድ ቀን እንጀራ ስታወጣ እጇ ሸርተት አለና ሰፌዱ ወደቀባት። አማቷ ምንም አላለቻት፤ ዝም ብላ ጎንበስ ብላ አነሳችው። እታለም ያንን ዝምታ ከሕመሙ አስበልጣ ታነሳዋለች። ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪ ማለት ቀላል ነው፤ የሚሰጠው ግን ሥራው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የሚረዳው ሥራውን መንጠቅ ሳይሆን ሥራውን መለወጥ ነው። ትንንሽ መገጣጠሚያ የሚሠራውን ወደ ትልቁ ማሸጋገር። 20 ሊትር ጀሪካን በጣት ከማንጠልጠል ሁለት ባለ 5 ሊትር በክንድ ማቀፍ ወይም በጋሪ ማስመጣት፤ ቡናውን ከሙቀጫ ወደ ወፍጮ ማዞር፤ የማንኪያውንና የቢላዋውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፤ ልብስ ከመጭመቅ አንጠልጥሎ ማንጠፍጠፍ። አክንባሎው በሁለት እጅ ይነሳል። ሊጡ ከሰዓት በኋላ፣ እጅ ከተፍታታ ወዲያ ይቦካል፤ ጠዋት የሚል ሕግ የለም። እህቴ ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ጣቶቿን ትከፍታለች ትዘጋለች። ሕመሙ በበዛበት ቀን መገጣጠሚያውን ማሳረፍ፣ በቀለለበት ቀን መራመድና ማንቀሳቀስ። ፈጽሞ መተኛት ጡንቻውን ያከሳዋል።

ጸሎትም እንዲሁ። ሱጁድ ወርዶ በጉልበት መነሳት ያቃተው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል። ቤተ ክርስቲያንም መቋሚያው ለዚሁ ነው፤ ለደከመ ሰው መቀመጫውም አለ። እናታችን ይህን ስትሰማ “እግዜር እኮ ጉልበትን አይደለም የሚያየው” አለች።

የማይታየው ሕመም ድካም ነው። ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ትኩሳት የሚጫን ድካም የበሽታው አካል ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ሰዓት እየቆጠረ የሚመጣ የሚሄድ በሽታ ስለሆነ ግን ሰው ያስመስላል ብሎ ይጠረጥራል። ትናንት ገበያ የሄደች ዛሬ ከአልጋ አልተነሳችም። ገበሬውም ቢሆን ጠዋት እርፍ መጨበጥ አቅቶት ረፋዱ ላይ በሬ ሲጠምድ ጎረቤት ይታዘበዋል። ብዙዎች ወደ ጭንቀትና ድብርት የሚገቡት በዚህ ነው፤ አብሽር የሚል ሰው ሲጠፋ።

በመጨረሻም የመንገዱ ነገር አለ። በዚህ በሽታ የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣቷ ለማይታዘዛት ሴት የአውቶቡስ ትኬት፣ ማደሪያ፣ አስታማሚ፣ የቀረ ሥራ ሲደመር ከመድኃኒቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ነገር ግን ሁሉም ቀጠሮ አዲስ አበባ መሆን የለበትም። በሽታው አንዴ በትክክል ከታወቀና መድኃኒቱ ከተጀመረ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ክትትሉ ሊቀጥል ይችላል። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። ጤና ጣቢያዎች ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማን የክትትል ቀንና ካርድ አላቸው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን በዚያው ቀን ማካተት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጉበትና የደም ምርመራ ሳይቋረጥ መገኘቱን፣ ሜቶትሬክሴትና ፎሊክ አሲድ ከመደርደሪያ አለመጥፋታቸውን ነው።

ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ወረዳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። እህቴ የመድን ካርድ አላት። ካርዱ ግን የሚጠቅመው መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋሙ ፋርማሲ ሲኖር ነው፤ “አልቋል፣ ከውጭ ግዙ” ሲባል ብዙ ጊዜ ወጪው ወደ ኪስ ይመለሳል። ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት የአንድ ወር መጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን በ2014 ዓ.ም. አይተነዋል። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በነበረበት ጊዜ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። ሰው ልጁን አዝሎ ሲወጣ ክኒን አያስታውስም። እታለም ፕሬድኒሶሎኗ መንገድ ላይ አለቀባት። ተጠግተው ያረፉበት ከተማ ያገኘችው ሐኪም ምን ስትወስድ እንደነበር ሲጠይቃት ማስረዳት አልቻለችም፤ “ነጭ ትንሽ ክኒን” አለችው። ካርዷ ሆስፒታል ቀርቷል። ያዳናት የታላቁ ልጇ ስልክ ነው። ከወራት በፊት መድኃኒት ቤት ሲላክ እንዳይረሳ ብሎ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶት ነበር፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ነበረበት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋም ያው ፎቶ ሁለት ጊዜ ሠርቷል። አሁን በሦስት ሰው ስልክ ላይ አለ፤ በየቀጠሮው አዲሱ ወረቀት ይነሳና አሮጌው ይጠፋል። ከወረቀቱ ጎን እሷ የምታስጽፈው አንድ ቁጥር አለ፤ በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እስኪፈቱ የፈጀባቸው ደቂቃ።